የሩሲያን ማጀት በመጽሐፍ ያስቀመጡት ወይዘሮ ኤሌና ሞሎሆቬትስ

በዛሬው ጽሑፋችን የአንዲት ሩሲያዊት ወይዘሮ የሕይወት ታሪክ እናቀርብላችኋለን። እኚህ ወይዘሮ ጦር አልመሩም፣ አገርም አላስተዳደሩም። ሥራቸው የማጀት ሥራ ነበር። ሆኖም በሩሲያኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሣል። ኤሌና ሞሎሆቬትስ ይባላሉ።

ስለ እርሳቸው ለመጻፍ የተነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። እንደሚታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ዓመታት ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ወደ እስራኤል ገብቷል። የእኛም ወገኖች በግንቦት ወር 1991 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሆነው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ የገቡት በዚያው ዘመን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) በመርካዝ ክሊታም፣ በካራቫንም፣ ኋላም በየሰፈሩ ሕንፃ ጎረቤት ሆነን ኖረናል። ልጆቻችን በአንድ ክፍል ተምረዋል፣ ወጣቶቻችን በአንድ ሠራዊት አገልግለዋል። ነገር ግን ያ ጥቁር ዳቦ፣ ያ ቀይ ሾርባ፣ ያ የኮመጠጠ ጎመን ከየት እንደመጣና ለጎረቤቶቻችን ምን እንደሆነ የምናውቅ ብዙ አይደለንም። የወይዘሮ ኤሌና ታሪክ ይህን እንድናውቅ ይረዳናል።

በሰሜን ወደብ የተወለዱ

ወይዘሮ ኤሌና የተወለዱት በ1831 ዓ.ም. በሩሲያ ሰሜን፣ በነጭ ባሕር አጠገብ በምትገኘው በአርሃንጌልስክ ከተማ ነው። የአባታቸው ቤተሰብ ስም ቡርማን ይባላል። አባታቸው በከተማይቱ የጉምሩክ ሹም ነበሩ። አርሃንጌልስክ ሰሜን ድቪና የተባለው ወንዝ ወደ ባሕር ከሚገባበት ሥፍራ የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ናት። ሩሲያ ለብዙ ዘመን ከምዕራብ አገሮች ጋር የምትነግደው በእርሷ በኩል ነበር።

በዚያ አገር ብርዱ ረጅም ነው። ወንዙም ባሕሩም ለወራት በበረዶ ይዘጋል። ስንዴ እንደ ልብ ስለማይበቅል የአገሩ ገበሬ የሚዘራው ገብስን እና በዕብራይስጥ ሺፎን የሚባለውን እህል ነው። በአጭሩ የሙቀት ወቅት የተገኘውን ጎመን፣ እንጉዳይ፣ የዱር ፍሬና ዓሣ በጨው፣ በማኮምጠጥ፣ በማድረቅ ወይም በበረዶ ካላቆዩት ቤተሰብ ብርዱን መሻገር አይችልም። ወይዘሮ ኤሌና ኋላ በጻፉት መጽሐፍ ስለ ምግብ ማቆያ ዘዴ አብዝተው የጻፉት ለጌጥ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት እንችላለን። በሩሲያ የባለሙያ ሴት ሙያ የሚለካው ምግብ በማጣፈጥ ብቻ አልነበረም፤ በመጋቢት ወር ጎተራዋና ጓዳዋ ባዶ ባለመሆኑም ጭምር ነበር።

ገና ልጅ ሳሉ እናትና አባታቸው ሞቱባቸው። ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው። በአያት እጅ ያደገ ሰው የቆየ ሙያና የቆየ ወግ ይዞ እንደሚያድግ ለእኛ አንባቢዎች መንገር አያስፈልግም። ከዚያም ወደ ዋና ከተማው ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄደው በስሞልኒ ትምህርት ቤት ተማሩ። ይህ ትምህርት ቤት ንግሥት ካትሪን ዳግማዊት በ1764 ዓ.ም. ለመኳንንት ሴት ልጆች ያቋቋሙት ነው። በዚያ ቋንቋ፣ ሙዚቃ፣ ጭፈራ፣ የእጅ ሥራና የጨዋ ቤት ሥርዓት ይሰጥ ነበር። የዚህን ትምህርት ቤት ስም አንባቢዎቻችን እንዲይዙልን እንፈልጋለን፤ ወደ ኋላ ተመልሰን እናነሣዋለንና።

ትዳርና መጽሐፍ

ወይዘሮ ኤሌና ፍራንትስ ሞሎሆቬትስ የተባሉ አርክቴክት አገቡ። ባልና ሚስቱ ከሞስኮ በስተደቡብ ባለችው በኩርስክ ከተማ ተቀመጡ። ኩርስክ ከአርሃንጌልስክ ፈጽሞ የተለየ አገር ነው። መሬቱ ጥቁርና ለም ስለሆነ እህል፣ ቀይ ሥር፣ ፖም፣ ማር ሁሉ ይገኝበታል። በትዳራቸው አሥር ልጆች ወለዱ፤ ዘጠኙ ወንዶች፣ አንዷ ሴት። አሥር ልጅ ያሳደገች እናት ምግብን በልክ ማድረግ፣ ወጪን መቆጣጠር፣ የተረፈውን ለነገ ማዋል ግድ እንደሚሆንባት የታወቀ ነው።

በ1861 ዓ.ም. ገና 30 ዓመታቸው ሳለ መጽሐፋቸው በኩርስክ ታተመ። ርዕሱ በእኛ ቋንቋ «ለወጣት የቤት እመቤቶች የተሰጠ ስጦታ» ማለት ነው። በዚያው ላይ የቤት ወጪን መቀነሻ ዘዴ መሆኑን የሚገልጽ ሁለተኛ ርዕስ ነበረው። የመጀመሪያው እትም ወደ 1,500 የሚሆኑ የምግብ አሠራሮች ይዞ ወጣ።

ዓመተ ምሕረቱን ልብ እንበል። በዚያው በ1861 ዓ.ም. የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር ሁለተኛ ገባሮችን ነፃ የሚያወጣውን አዋጅ አወጁ። እስከዚያ ድረስ ከ20 ሚሊዮን በላይ ገበሬዎች የመኳንንት ንብረት ሆነው ይኖሩ ነበር። በትልልቅ ቤቶች ወጥ ቤት የሚሠሩት፣ ዳቦ የሚጋግሩት፣ ጎመን የሚያኮመጥጡት እነዚሁ ገባሮች ነበሩ። ሙያው በእነርሱ እጅ ነበር። አዋጁ ሲወጣ ብዙ እመቤቶች ጓዳቸው ውስጥ ምን እንዴት እንደሚሠራ የማያውቁ ሆነው ተገኙ። ከእንግዲህ ወጥ ሠሪ በደመወዝ መቅጠር፣ ገበያ የሚገዛውንም በገንዘብ ማስላት ሊኖርባቸው ነው። የወይዘሮ ኤሌና መጽሐፍ የደረሰው በዚህ ሰዓት ነው።

የመጽሐፉ ጥቅም ልክ መስጠቱ ነበር። ለየምግቡ የሚያስፈልገውን ዕቃ በሚዛን ይዘረዝራል። የሩሲያ ሰው በዚያ ዘመን የሚመዝነው ፉንት በሚባል ሚዛን ሲሆን አንዱ ፉንት ወደ 410 ግራም ይጠጋል። አርባ ፉንት አንድ ፑድ ይባላል፤ ይህም ከ16 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። በእፍኝና በግምት ይሠራ የነበረውን ሥራ ወደ ሚዛን ማምጣት ቀላል ነገር አይደለም። ከእናቶቻችን አንዷን ለዶሮ ወጥ ስንት ግራም በርበሬ እንደሚገባ ብንጠይቃቸው ምን እንደሚመልሱልን እናውቃለን። ዓይናቸውና እጃቸው ያውቀዋል እንጂ በቁጥር አልያዙትም። ወይዘሮ ኤሌና ያደረጉት ይህን የእጅ ዕውቀት በቁጥር መጻፍ ነው።

ቤተሰቡ በ1866 ዓ.ም. ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተዛወረ። መጽሐፉም እየታረመና እየሰፋ ደጋግሞ ታተመ። በመጨረሻዎቹ እትሞች የአሠራሮቹ ቁጥር ከ4,000 በላይ ደርሶ ነበር። እስከ 1917 ዓ.ም. ድረስ የታተመው ቅጂ ወደ 300,000 እንደሚጠጋ ይነገራል። ለሴት ልጅ ሠርግ የሚሰጥ ስጦታ ሆነ። ዝናው ሲያይል የወይዘሮዋን ስም በሚመስል ስም፣ ርዕሱንም በሚመስል ርዕስ ሌላ መጽሐፍ እያሳተሙ ገበያ የሚሻሙ ሰዎች እስከ መነሣት ደረሱ።

የሩሲያ ሰው የዘወትር ምግብ

እዚህ ላይ ቆም ብለን በዚያ ዘመን የሩሲያ ቤት የዘወትር ማዕድ ምን እንደነበር እንመልከት። ለእኛ ማጀት እንግዳ የሚመስለው ብዙው ነገር ሲመረመር ዘመድ ሆኖ ይገኛል።

የመጀመሪያው ጥቁር ዳቦ ነው። የሚሠራው ከሺፎን ዱቄት ነው። ሊጡ የሚነሣው ከቀደመው ሊጥ በተረፈ እርሾ ሲሆን እርሾው ከቡሃቃው ግድግዳ ሙሉ በሙሉ አይታጠብም፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ዳቦው ኮምጠጥ ይላል። እርሾ ከቤት ማለቅ፣ ከጎረቤት መበደር፣ ለልጅ ማውረስ በጤፍ እንጀራ ላደገ ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ሽቺ የሚባለው የጎመን ሾርባ ነው። በሙቀት ወቅት ከትኩስ ጎመን፣ በብርዱ ጊዜ ከኮመጠጠው ጎመን ይሠራል። የመኸር ጊዜ ሲደርስ ሴቶች ተሰብስበው ጥቅል ጎመኑን በቀጭኑ ይከትፋሉ፣ በጨው ያሻሉ፣ ካሮት ወይም ፖም ወይም የዱር ፍሬ ጣል አድርገው በእንጨት በርሜል ይጠቀጥቃሉ፣ ላዩን በድንጋይ ይጫናሉ። ሥራው በደቦ ስለሚሠራ ጨዋታና ዘፈን ነበረው። ያ በርሜል ብርዱን በሙሉ ቤተሰቡን ይመግባል። አረንጓዴ ነገር ለወራት በማይገኝበት አገር የኮመጠጠ ጎመን ሰውን ከበሽታ ይጠብቅ ነበር። በውስጡ የሚቀረው ቪታሚን ሲ ድድ የሚያደማውን በሽታ እንደሚከላከል ዛሬ እናውቃለን።

ሦስተኛው ካሻ ነው። ካሻን ገንፎ ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ ነገር ግን ከእኛ ምግቦች ይልቁን ቅንጬን ይመስላል። በብዛት የሚሠራው በዕብራይስጥ ኩሴሜት፣ በሩሲያኛ ግሬችካ ከሚባለው ባለ ሦስት ማዕዘን ቡናማ ፍሬ ነው። ፍሬው ይቆላል፣ በሸክላ ድስት ከውኃና ከጨው ጋር ገብቶ በዝግታ ይበስላል፣ ቅቤ ይደረግበታል። ጎመንና ካሻ የሩሲያ ሰው የራሱ ምግብ ናቸው ተብሎ በተረታቸው የሚነገረው ያለ ነገር አይደለም።

አራተኛው ክቫስ የሚባለው መጠጥ ነው። ከብቅል ወይም ከደረቀ ጥቁር ዳቦ ተዘፍዝፎ፣ እርሾ ተጨምሮበት፣ ጥቂት ቀን ተቀምጦ የሚጠጣ ነው። ጌሾ የለበትም፤ ስካሩም እምብዛም ነው። ቅራሪን የሚያውቅ ሰው ክቫስ ሲቀምስ አይደነግጥም። ክቫስ መጠጥ ብቻ ሳይሆን ለቀዝቃዛ ሾርባም ይሆናል። ኪያር፣ ሽንኩርት፣ እንቁላል ተከትፎ ክቫስ ሲፈስበት ኦክሮሽካ ይባላል፤ በሙቀት ወቅት የሚበላ ነው።

ከእነዚህ ሌላ በእርሾ ከተነሣ ቀጭን ሊጥ በምጣድ የሚጋገረው ብሊኒ አለ። ጎመን፣ እንጉዳይ፣ ዓሣ ወይም ሥጋ በሆዱ የሚይዘው ፒሮግ አለ። ከቀይ ሥር የሚሠራው ቦርሽ ደግሞ ከዩክሬን ተነሥቶ በግዛቱ ሁሉ የተስፋፋ ነው። ድንች ግን የዘመናት ዕድሜ ያለው ምግብ አልነበረም። በ1840ዎቹ ዓመታት መንግሥት ገበሬውን ድንች ዝራ ብሎ ሲያስገድደው በብዙ ሥፍራ ሁከት ተነሥቶ ነበር። ወይዘሮ ኤሌና ልጅ በነበሩበት ዘመን ድንች ገና የሚፈራ ነገር ነበር፤ ባረጁበት ዘመን ግን ከማዕድ የማይጠፋ ሆነ።

ይህ ሁሉ የሚበስለው በሩሲያ ምድጃ ነው። የሩሲያ ምድጃ የክፍሉን ብዙ ቦታ የሚይዝ የጡብ ወይም የጭቃ ግንብ ነው። ጠዋት አንድ ጊዜ በእንጨት ይነድዳል። እሳቱ ሲበርድ ዳቦው ይገባል፣ ከዚያ ሾርባው፣ በመጨረሻም ካሻው። ሙቀቱ ቀስ እያለ ሲወርድ ምግቡ ሳይነካ ለሰዓታት ይበስላል። ሽማግሌዎችና ሕፃናት ሌሊት በምድጃው ጀርባ ላይ ይተኛሉ። በሩሲያ ግዛት የነበሩ አይሁድ ከዚህ ምድጃ ትልቅ ጥቅም አግኝተውበታል። ዓርብ ከፀሐይ መግባት በፊት የሰንበትን ምግብ አስገብተው አፉን ይዘጉታል፤ በማግሥቱ እሳት ሳይነኩ ትኩስ ምግብ ይበላሉ። በእኛ መንደሮች ዓርብ ማታ እሳቱ ጠፍቶ የሰንበት ዳቦ ከቀዝቃዛ ምግብ ጋር ይበላ እንደነበር እናስታውሳለን። ሕጉ አንድ ነው፤ ምድጃው ግን ሌላ ነበር።

የማን ማዕድ?

ስለ ወይዘሮ ኤሌና ስንጽፍ መልካሙን ብቻ መርጠን ብናቀርብ አንባቢን ማታለል ይሆንብናል። መጽሐፋቸው ስለ ቁጠባ ይናገራል፤ ሆኖም የተጻፈው ላለው ሰው ነው። በአንድ የበዓል ኬክ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠር እንቁላል የሚገባበት ጊዜ አለ። ለእመቤቲቱ ማዕድ አንድ ዓይነት ምግብ፣ ለቤት ሠራተኞች ደግሞ ለብቻው ርካሽ ምግብ ተመድቦ ተጽፏል። በዚያ ዘመን ይህ እንደ ነውር አይታይም ነበር።

መጽሐፉ በከተማ እንደ ልብ በሚሸጥበት ዘመን፣ በ1891 እና በ1892 ዓ.ም.፣ በቮልጋ ወንዝ አካባቢ ብርቱ ረሃብ ገባ። ገበሬው ዱቄት አልቆበት የዱር ቅጠልና ዘር ፈጭቶ ዳቦ እስከ መጋገር ደረሰ። በረሃቡና ተከትሎት በመጣው ወረርሽኝ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ከ1888 እስከ 1892 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ክፉ ቀን የተባለው ዘመን የነበረው በዚያው ሰሞን ነው። አባቶቻችን ከብት አልቆባቸው፣ መንደራቸው ተበትኖ፣ ስንቱ ወገናችን እንደጠፋ ከአያቶቻችን ሰምተናል። በሁለቱም አገር ረሃቡ ቀድሞ የደረሰው ምግቡን ከሚያመርተው ገበሬ ዘንድ ነው።

የወይዘሮ ኤሌና እምነት የኦርቶዶክስ ክርስትና ነው። የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን በዓመት ወደ 200 የሚጠጋ የጾም ቀን አላት፤ በእነዚያ ቀናት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይበላም። ስለዚህ በመጽሐፋቸው ለጾም ቀን የሚሆኑ ብዙ ምግቦች አሉ፤ በእንጉዳይ፣ በዘይት፣ በአተርና በካሻ የሚሠሩ ናቸው። በኢትዮጵያ ክርስቲያን ጎረቤት የነበረው አንባቢ ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። በሌላ በኩል መጽሐፉ የአሳማ ሥጋ፣ ሥጋን ከወተት ጋር የቀላቀለ ምግብና ሌላም ሌላም የተከለከለ ነገር አለበት። ስለዚህ ለአይሁድ ቤት እንዳለ የሚሠራበት አልነበረም።

በእርጅናቸው ዘመን ስለ መንፈሳዊ ነገርና ስለ ንጉሣዊ አገዛዝ ትናንሽ ጽሑፎች ያሳትሙ ነበር። የዛርን መንግሥትና የቤተ ክርስቲያንን የበላይነት በጽኑ የሚደግፉ ሰው ነበሩ። በዚያ መንግሥት ሥር ከ5 ሚሊዮን በላይ አይሁድ ይኖሩ ነበር፤ አብዛኞቹ ከተወሰነላቸው ክልል ውጪ እንዳይቀመጡ ተከልክለው፣ በ1881 ዓ.ም. እና ከዚያም በኋላ በደረሰው የፖግሮም ግድያና ዘረፋ ተሠቃይተዋል። ይህን የምንጽፈው ወይዘሮዋን በማይገባ ለመውቀስ አይደለም። ነገር ግን ለልባቸው ቅርብ የነበረው ያ ሥርዓት ለእኛ ወገኖች ምን እንደነበረ መርሳት አይገባም። እነዚያ የፖለቲካና የመንፈስ ጽሑፎቻቸው ዛሬ የሚያነብባቸው እምብዛም የለም። የቀረው የማጀቱ መጽሐፍ ነው።

ዳቦ የጠፋበት ዘመን

በ1914 ዓ.ም. አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ሴንት ፒተርስበርግ ፔትሮግራድ ተባለች። ጦርነቱ ገበሬውን ከእርሻው፣ ባቡሩን ከእህል ጭነት ለየው። በመጋቢት ወር 1917 ዓ.ም. ሴቶች ዳቦ ለመግዛት በብርድ ተሰልፈው ሲያጡ አደባባይ ወጡ። ከዚያ የተነሣው ሁከት ዛሩን ከዙፋን አወረደ። ዳቦ አጥተው የወጡ ሴቶች የሦስት መቶ ዓመት ዘውድ ሲጥሉ የታየው ያን ጊዜ ነው።

በዚያው ዓመት በመከር ወራት ቦልሼቪኮች ሥልጣን ያዙ። ሌኒንና ጓደኞቹ አብዮቱን የመሩት ከየት እንደነበረ ብንነግራችሁ ትገረማላችሁ። ቀደም ብለን የጠቀስነው፣ ወይዘሮ ኤሌና በልጅነታቸው የተማሩበት የስሞልኒ ሕንፃ ነው። የጨዋ ልጆች የእጅ ሥራ የሚማሩበት አዳራሽ የአብዮት ጠቅላይ ሰፈር ሆነ።

በ1918 ዓ.ም. የፔትሮግራድ ሰው ዳቦ የሚያገኘው በራሽን ነበር። የዕለቱ ድርሻ በአንዳንድ ጊዜ እስከ አንድ ስምንተኛ ፉንት፣ ማለትም 50 ግራም ያህል ድረስ ወርዶ ነበር። ይህ አንዲት ቀጭን ቁራሽ ናት። ሰው ከተማውን እየለቀቀ ወደ ገጠር ሸሸ፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ የነበረው የከተማው ሕዝብ በ1920 ዓ.ም. ከ800,000 በታች ሆነ። ከ4,000 በላይ ምግብ በሚዛን የጻፉት ወይዘሮ በ87 ዓመታቸው በታኅሣሥ ወር 1918 ዓ.ም. ያረፉት በዚህች በተራበች ከተማ ነው። ትልቅ ቀብር፣ ትልቅ መታሰቢያ አልተደረገላቸውም። የጻፉለት ዓለም ከእርሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ አልቆ ነበር።

ከሞታቸው በኋላ

በሶቪየት መንግሥት ዘመን መጽሐፋቸው የጌቶች መጽሐፍ ተብሎ ለአሥርተ ዓመታት ሳይታተም ቀረ። በ1939 ዓ.ም. መንግሥት ስለ ጣፋጭና ጤናማ ምግብ የሚናገር የራሱን ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ገጣሚው አርሴኒ ታርኮቭስኪ በ1957 ዓ.ም. በወይዘሮዋ ስም የሰየመው ብርቱ ወቀሳ ያለበት ግጥም ጽፏል። ሕዝቡም በራሱ መንገድ ይቀልድባቸው ነበር። እንግዳ ድንገት ቢመጣ አትጨነቂ፣ ወደ ምድር ቤት ውረጂና የታረደውን የተቀመጠውን አውጪ ይላሉ እያለ፣ ለአንድ ኪሎ ቋሊማ ሰዓታት የተሰለፈው ሰው ይስቅ ነበር። ቀልዱ ከመጽሐፉ ቃል ይልቅ የሰልፉን ምሬት የሚናገር ነው።

ሆኖም መጽሐፉ ከቤት አልጠፋም። ገጹ የላላ፣ ቅቤ የነካው አሮጌ ቅጂ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ ኖረ። ግማሹ ዕቃ በገበያ ባይገኝም እርሾን እንዴት እንደሚያቆዩ፣ ጎመኑን በስንት ጨው እንደሚያሹ ከዚያ ይታይ ነበር። የሶቪየት ሥርዓት ሲዳከም፣ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ መጽሐፉ እንደገና በብዛት ታተመ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ጆይስ ቱምር የተባሉ ምሁር ብዙውን ክፍል ከሰፊ ማብራሪያ ጋር ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው አሜሪካ ውስጥ አሳተሙት።

ወደ አገራችን ወደ እስራኤል የሩሲያ ምግብ የገባው ግን ከ1990ዎቹ በፊት ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ ከሩሲያ ግዛት የወጡት የመጀመሪያዎቹ ዓሊያዎች ቦርሹን፣ የኮመጠጠ ኪያሩን፣ ካሻውንና ጥቁር ዳቦውን ይዘው መጥተዋል። በሕጋችን መሠረትም አስተካክለውታል። ቦርሹ በሻሜኔት የሚበላ ከሆነ ሥጋ አይገባበትም፤ ሥጋ ከገባበት ሻሜኔት አይቀርብም። የአሳማው ሥጋ በበሬ ወይም በዶሮ ተተካ። ስለዚህ ዛሬ ጎረቤት አንድ ሳህን ሲልክልን የሚመጣው የወይዘሮ ኤሌና ምግብ እንዳለ ሳይሆን፣ በአይሁድ እናቶች እጅ አልፎ የተስተካከለው ነው። ከሱቅ የምንገዛ ከሆነ ግን የኮሸር ማኅተሙን ማየት አይርሳ።

ለእኛ የሚተርፈው ነገር

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ከዚህ የሕይወት ታሪክ ለእኛ ማኅበረሰብ የሚተርፍ አንድ ቁም ነገር አለ ብለን እናምናለን። በሩሲያ መንግሥት ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ የከተማው ስም ብዙ ጊዜ ተለወጠ፣ ሕዝቡ ሁለት ጊዜ በጦርነት ተበተነ። የጎመኑና የዳቦው ሙያ ግን የተጻፈም ስለሆነ የሚይዘው አላጣም። አንዱ ቤት ቢረሳው ከሌላው ቤት መጽሐፍ ይገኝ ነበር።

የእኛ ሙያ የሚገኘው በእናቶቻችን እጅ ብቻ ነው። የሰንበት ዳቦ ስንት ጊዜ ይቦካል? እርሾው ከየት ይነሣል? የጠላው ድፍድፍ ስንት ቀን ይቆያል? ጌሾው በመቼኛው ቀን ይገባል? በጎንደር የሚሠራው ከትግራይ በምን ይለያል? በእስራኤል ሙቀትና ዱቄት ሊጡ ለምን ሌላ ጠባይ አመጣ? እነዚህን የሚመልሱ እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ ቁጥራቸው ግን በየዓመቱ እያነሰ ነው። ልጆቻችን እንጀራ መብላት ያውቃሉ፤ ማቡካት የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ወይዘሮ ኤሌና የጻፏቸው ምግቦች ሁሉ የእርሳቸው ፈጠራ አልነበሩም። ብዙው ስማቸው ሳይጻፍ ከቀሩ ወጥ ሠሪዎች እጅ የተገኘ ነው። እኛ ከእርሳቸው የተሻለ ማድረግ እንችላለን። ማንበብና መጻፍ የሚችል የልጅ ልጅ ዓርብ ጠዋት ከአያቱ ጎን ቁጭ ብሎ እፍኙን በሚዛን፣ ግምቱን በሰዓት ይጻፍ፤ ከላይም የአያቱን ስምና የመንደራቸውን ስም ያኑርበት። በአማርኛ ቢጻፍም በዕብራይስጥ ቢጻፍም መልካም ነው። ዋናው ነገር እናቶቻችን ሳሉ መጻፉ ነው።

ሰላም ሁኑ፣ ሰንበታችሁ የሰላም ይሁን።